ስቶን ታውን ወይስ ላሙ? ለጫጉላ በሸራ ጀልባ ለሚሄዱ የሐዋሳ ሙሽሮች

የጥር ሰርግ የደገሱ የሐዋሳ ልጆች ደጋግመው ይጠይቁኛል፦ በሕንድ ውቅያኖስ የሸራ ጀልባ ጉዞ ብንገዛ፣ መቆሚያችን በታንዛኒያዋ ዛንዚባር ያለው ስቶን ታውን ይሁን ወይስ የኬንያዋ ላሙ?

ሁለቱም በኮራል ድንጋይና በማንግሮቭ እንጨት የተሠሩ፣ በተቀረጹ በሮቻቸው የታወቁ የስዋሂሊ ከተሞች ናቸው። ዩኔስኮ ስቶን ታውንን እ.ኤ.አ. በ2000፣ ላሙን በ2001 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

ለመድረስ ስቶን ታውን ይቀላል፤ ከአዲስ አበባ ዛንዚባር በአየር መንገዳችን በቀጥታ ትበራላችሁ። ወደ ላሙ ኬንያ ውስጥ አውሮፕላን ትቀይራላችሁ፤ ማንዳ ደሴት ላይ አርፋችሁም በጀልባ ትሻገራላችሁ። በሌላ በኩል ለኬንያ ቪዛ አያስፈልገንም። ለታንዛኒያ ያስፈልጋል፤ ዛንዚባር ደግሞ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ የውጭ ጎብኚን 44 ዶላር የግዴታ መድን ታስከፍላለች።

አንድ ቀን ብቻ ካላችሁና ታሪክ የምትወዱ ከሆነ ስቶን ታውንን ምረጡ። የባሪያ ገበያው እ.ኤ.አ. በ1873 ሲዘጋ በቦታው የአንግሊካን ካቴድራል ተሠርቷል፤ መሠዊያው የቆመው ባሮች ይገረፉበት በነበረው ግንድ ስፍራ ነው ይባላል። እዚያ ሳይቸኩሉ መቆም ያስፈልጋል፤ ለፎቶ ብቻ ገብቶ የሚወጣ ሰው ያሳዝነኛል። አስጎብኚው በ1883 የተሠራውን የሱልጣን ቤተ መንግሥት፣ «የድንቆች ቤት» የሚሉትን፣ በፕሮግራሙ ካስገባ ግን ውስጡ ይገባ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በዲሴምበር 2020 ከፊሉ ተደርምሷል።

ሸራውን ከፈለጋችሁ ግን ላሙ። የእኔ ምርጫም እሷ ናት። በጠባብ መንገዶቿ የሚያመላልሰው አህያ ነው፣ መኪና የለም ማለት ይቻላል፤ ባሕሩ ላይ ደግሞ ዳው የሚሉት የሸራ ጀልባ ዛሬም የነዋሪው መጓጓዣ ነው። በየትኛውም ከተማ ብትገዙ ግን «በሸራ ነው በሞተር የሚሄደው?» በሉ። በዳው ስም ተሽጦ መንገዱን ሁሉ በሞተር የሚሄድ ብዙ ነው። የሕይወት ጃኬት ለሁለታችሁም መኖሩን በዓይናችሁ እዩ፤ በሐይቃችን ላይ ሳንለብስ የለመድነው ነገር ለውቅያኖስ አይሆንም።

ሐይቅ ዳር ያደግን ሰዎች የማናውቀው አንድ ነገር አለ፦ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። አሞራ ገደል ጠዋት ያያችሁት ውኃ ማታም እዚያው ነው። በዛንዚባር ግን ልዩነቱ በአንዳንድ ቀናት እስከ አራት ሜትር ይደርሳል፤ ጀልባው አሸዋ ላይ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የመነሻ ሰዓታችሁን የሚወስነው ውኃው ነው፣ የመመለሻ በረራችሁን በዚያው ቀን አታድርጉ።

የላሙ ጉድለት ጸጥታ ነው። በየብሱ በኩል ያለው የአውራጃው ክፍል የአልሸባብ ጥቃት ደርሶበታል፤ በመኪና አትሂዱ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የሰሞኑን ሁኔታ አጣሩ። በሁለቱም ከተሞች አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ነው፤ ነጠላ መያዝ ይጠቅማል። ጾም ላይ ብትሆኑም አትራቡም፣ በኮኮናት ወተት የተሠራ ባቄላና ሩዝ በየቦታው አለ።

የጥር ሙሽሮች ዕድለኞች ናችሁ፤ ያኔ ካስካዚ የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ይነፍሳል፣ ሰማዩም የጠራ ነው። ከፋሲካ በኋላ የምትጋቡ ግን ጉዞውን እስከ ሐምሌ አቆዩት፤ ከማርች እስከ ሜይ ከባድ ዝናብ ነው፣ በላሙም ብዙ ማረፊያዎች ይዘጋሉ።