ሁለት ክረምት የከረመ ባቄላ፦ ስለ አንድ የአዳማ እህል ቤት

ሁዳዴ ሲገባ እኔ ቤት የባቄላ በቆልት አይጠፋም። ማታ እነክረዋለሁ፣ ጠዋት ውሃውን አጠልለዋለሁ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ጓዳ አኖረዋለሁ። የአዳማ ሙቀት ለሌላው ነገር ቢያስመርርም ለዚህ ሥራ ግን ይመቻል። ከሁለት ሦስት ቀን በላይ አይፈጅም፣ ነጭ ጭራው ብቅ ይላል።

ዘንድሮ ግን ጉድ ሆንኩ። ገበያው አካባቢ ካለ አንድ እህል ቤት 5 ኪሎ ባቄላ ገዛሁ። ስሙን አልጠራም፣ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ታዩታላችሁ። ሱቁ ንጹሕ ነው። ሚዛኑ ልክ ነው። ባቄላው ጠጠርም ነቀዝም የለውም። ቀለሙ ጠቆር ማለቱን አይቼ ነበር። ልጁ ግን «የአርሲ ነው እናቴ፣ ምርጥ ነው» ሲለኝ አመንኩና ተሸክሜ ወደ ባጃጅ።

በማግስቱ የነከርኩበት ውሃ ሻይ መስሎ፣ አረፋ ይዞ ጠበቀኝ። በሦስተኛው ቀን ጨርቁን ስፈታው ሽታው አፍንጫዬን ሰነጠቀው። አንዷን ፍሬ በሁለት ጣቴ ጫን ባደርጋት ሟሟች፣ እንደ እርጥብ ሳሙና። ጭራ ያወጣው እዚህም እዚያም ብቻ ነው። 2 ኪሎ ባቄላ ለቆሻሻ!

እልህ ያዘኝ። ከቀረው ደረቅ ባቄላ 50 ፍሬ ቆጥሬ ለብቻው ነከርኩ፣ ጨርቁንም ቀየርኩ። በአምስተኛው ቀን የበቀለው 17 ነበር።

የእህቴ ልጅ ግብርና ነው የተማረችው። መልካሳ የምርምር ማዕከልም ሄዳ ተለማምዳለች፤ እዚሁ በአሰላ መንገድ ያለው። ደውዬ ስነግራት ሳቀችብኝ። «እትዬ፣ ውሃው ሻይ ሲመስል ያኔ ነበር መጠርጠር» አለችኝ። ፍሬው ሲያረጅ ውስጡን አቅፎ የያዘው ስስ ሽፋን ይላላል፤ ሲነከር ስኳሩም ጨዉም ወደ ውሃው ይፈስሳል። ያንን የሚበላ ተህዋስ ደግሞ ቶሎ ይደርሳል። ሽታው ከዚያ ነው።

ስለ ፕሮቲኑም ጠየቅኳት፣ ለጾም የምንበላው ለእሱ አይደል? ባቄላ ከክብደቱ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ይሄ ለእኛ ተብሎ ሳይሆን ለቡቃያው የተቋጠረ ስንቅ ነው። ሲበቅል ኢንዛይሞች ስንቁን እየፈቱ ያቀብሉታል። ሙቀትና እርጥበት ያለበት መጋዘን ውስጥ ሲከርም ግን ኢንዛይሞቹ ይዳከማሉ። ፕሮቲኑ መጠኑ ብዙም ባይቀንስም ይለወጣል፣ ውሃ ውስጥ እንደ ድሮው አይሟሟም። ስንቁ አለ፣ የሚፈታው የለም። ያረጀ ባቄላ ከሰል ጨርሶ የማይበስለውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ቀለሙ የሚጠቁረውም ሲያረጅ ነው፤ እኔ ደግሞ «የአርሲ» ብባል ዝም!

ታዲያ ስንት ጊዜ ይቆያል ስላት በሙቀቱና በእርጥበቱ ይወሰናል አለች። በግምት የፍሬው እርጥበት በ1 ከመቶ በቀነሰ ቁጥር፣ የመጋዘኑም ሙቀት በ5 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው እጥፍ ይሆናል። የአዳማን ፀሐይ የሚያውቅ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተደረደረ ጆንያ ምን እንደሚሆን ራሱ ያስላው።

የተረፈውን ይዤ ተመለስኩ። ልጁ መጀመሪያ «እናቴ፣ ባቄላ ባቄላ ነው» አለኝ። የበቀሉትን 17ቱንና ያልበቀሉትን 33 በላስቲክ ይዤ ነበር፣ ባንኮኒው ላይ ዘረገፍኩለት። ዝም ብሎ አያቸው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሁለት ክረምት ከርሟል» አለ።

እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ወደድኩት። አልተከራከረም። ከጓዳ የዘንድሮ ምርት የሆነ ጆንያ ጎትቶ አወጣ፦ ፈዛዛ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ። በኪሎ 10 ብር ይበልጣል። 2 ኪሎ በነፃ ሰጠኝ፣ የበሰበሰው ላይ ካሣ መሆኑ ነው። ከዚህኛው 50 ፍሬ ነክሬ 46 በቀለልኝ። ውሃውም ጥርት ያለ ነበር ማለት ይቻላል።

አሮጌውን አልመለስኩለትም። ቆልቼ ሽሮ አስፈጨሁት፣ ለወፍጮ ምኑም አይከፋ። ዋጋውን ግን አስቀንሼዋለሁ፣ አልዋሽም።

ኮከብ ስጪ ካላችሁኝ ከ5ቱ 3። ለንጽሕናውና ለሚዛኑ ሙሉ ነበር የምሰጠው፤ ሳልጠይቅ ዕድሜውን ስላልነገረኝ 2ቱን ቆረጥኩ። ባለፈው ቅዳሜ በዚያ ሳልፍ ጆንያዎቹ ላይ የካርቶን ቁራጭ ተሰክቷል። አንዱ ላይ «የዘንድሮ፣ ለበቆልት»፣ ሌላው ላይ «የቆየ፣ ለሽሮ» ይላል። ምስሩ ላይ ግን ገና ምንም አልጻፈም።