ዴኮ ኤም4 ለጅማ ግቢ፦ ሁለት ፍሬ ይበቃል፣ ኬብሉ ግን አይቀርም

ጅማ ላይ የብዙ ሰው ግቢ ተመሳሳይ ነው፤ ዋናው ቤት ከፊት፣ ሰርቪሱ ከኋላ፣ መሀል ላይ አቮካዶ ወይም ማንጎ። የፋይበር ሞደሙ ሳሎን ስለሚተከል ሰርቪስ ያለው ሰው ዋይፋይ ፍለጋ ደጅ ይወጣል። ለዚህ የቲፒ-ሊንክ ዴኮ ኤም4፣ ማለትም እርስ በርስ እየተቀባበሉ አንድ ዋይፋይ በየቤቱ የሚያዳርሱ ፍሬዎች፣ ጥሩ ዕቃ ነው። ሆኖም ሦስት ፍሬ ያለውን ካርቶን አትግዙ፤ ሁለት ፍሬ ያለውን ገዝታችሁ በተረፈው ብር የውጭ ኬብል ዘርጉ።

ኤም4 ከስልክ ጋር የሚገናኝበትና እርስ በርሱ የሚቀባበልበት ሞገድ አንድ ነው። 5 ጊጋኸርዙ በወረቀት 867 ሜጋቢት ቢባልም ያለ ኬብል በአየር ሲቀባበል ሁለተኛው ፍሬ ላይ ፍጥነቱ በጣም ይወርዳል። 20 ሜጋቢት ፓኬጅ ላለው ቤት ፍጥነቱ አያሳስብም፤ የሚያማርረው መቆራረጡ ነው። ብሎኬቱ ሞገዱን ያደክመዋል፣ ቆርቆሮው ይመልሰዋል፣ ክረምት ላይ ደግሞ የረጠበ ቅጠል ይውጠዋል። በጋውን ደህና የከረመ ግንኙነት ሐምሌ ላይ እየተቋረጠ ቀይ መብራት የሚያሳየው ለዚህ ነው።

እያንዳንዱ ፍሬ ሁለት የጊጋቢት ሶኬት አለው። ሳሎን የሚቀመጠው የዋናው ፍሬ አንዱ ከሞደሙ፣ ሌላው ወደ ሰርቪስ በሚሄደው ኬብል ይያዛል፤ ሰርቪሱ ጋ ለቴሌቪዥን አንድ ይተርፋል። ኬብሉ ካት 6 የሚባለው የኔትወርክ ኬብል፣ ጥቁር ልባስ ያለው፣ ንጹሕ መዳብ ይሁን። መዳብ የተቀባው አሉሚኒየም ርካሽ ነው፣ ግን ጫፉ ላይ መሰኪያው ሲመታ ይሰበራል። በፕላስቲክ ቱቦ ከመሬት በታች ቢቀበር ከመብረቅም የተሻለ ይድናል፤ ግድግዳ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ይጎንበስ፣ አለዚያ ዝናቡ ተከትሎት ይገባል። የሽቦው ቅደም ተከተል በሁለቱም ጫፍ ነጭ-ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ ነው። ሰማያዊው ወይም ቡናማው ጥንድ በደንብ ካልነካ መስመሩ ይሠራል፣ ግን ከ100 ሜጋቢት አያልፍም።

ማስጀመሩ ቀላል ነው። የዴኮን አፕ ስልክ ላይ ጭናችሁ አካውንት ከከፈታችሁ በኋላ ዋናውን ከሞደሙ ጋር አገናኙ፤ በአንድ ካርቶን የመጣው ሁለተኛው ሲሰካ ራሱ ይቀላቀላል። መጀመሪያ ሁለቱንም እዚያው ሳሎን አስነሡ፣ ከዚያ ወደ ቦታቸው ውሰዱ። ቀጥሎ «አድቫንስድ» ውስጥ ገብታችሁ «ኦፐሬሽን ሞድ»ን «አክሰስ ፖይንት» (ዋይፋይ ማሰራጨት ብቻ) አድርጉት፤ አለዚያ ሞደሙም ዴኮውም ለየዕቃው የኔትወርክ አድራሻ ስለሚያድሉ የደኅንነት ካሜራና አንዳንድ ጌም ያስቸግራል። የዚህ ዋጋው የልጆች መቆጣጠሪያው መቅረቱ ነው። የሞደሙን የራሱን ዋይፋይ አጥፉት፤ ስልክ ከደከመው ምልክት ጋር ሙጭጭ እንዳይል።

መብራት ለሚጠፋበት ሰዓት 12 ቮልት የሚሰጥ ሚኒ ዩፒኤስ (ባትሪ ያለው ትንሽ መጠባበቂያ) ለዴኮው ይስማማዋል፤ አምፔሩ አዳፕተሩ ላይ ከተጻፈው እንዳያንስ። ሞደሙም ሁለቱም ዴኮዎች ያስፈልጋቸዋል፤ የሞደሙ ዋይፋይ ስለጠፋ እሱን ብቻ ማብራት ለስልክ አይጠቅምም።