ቱ ስትሮክ ወይስ ፎር ስትሮክ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ስኩተር ገዢዎች

ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚንቀሳቀስ ሰው 50 ሲሲዋ (ሲሲ የሞተር መጠን መለኪያ ነው) ቱ ስትሮክ ስኩተር ትበቃዋለች። ደሴ ለሚኖር፣ በተለይ ሰው አፈናጦ ለሚሄድ ግን 110 ወይም 125 ሲሲ ፎር ስትሮክ ትሻለዋለች።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ሞተር ደግሞ ያለ አየር ቤንዚን አያቃጥልም። ደሴ ላይ የስኩተር ሞተር ከጉልበቱ ሩብ የሚጠጋውን ያጣል። ከፎር ስትሮኳ 8 የፈረስ ጉልበት ላይ ሲቀነስ የሚተርፍ አለ። ከ50 ሲሲዋ 5 ላይ ተቀንሶ፣ ሁለት ሰው ተጭኖ፣ ወደ ጦሳ ተራራ ግርጌ ሰፈሮች መውጣት ግን ሞተሯን ማሰቃየት ነው።

እንደ መጠኗ ካየናት ግን ቱ ስትሮክ ጎበዝ ናት። ሞተሯ በዞረ ቁጥር ታቀጣጥላለች፤ ፎር ስትሮክ በሁለት ዙር አንዴ ነው። የፎር ስትሮክ ዓይነት ቫልቭ የላትም። ክብደቷ ብዙ ጊዜ 70 ኪሎ ገደማ ነው፤ 110 ሲሲዋ 100 ኪሎ ታልፋለች። ጥገናዋም ካንዴላ፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) እና የማርሚታ ጥላሸት ላይ ነው የሚያተኩረው። በቤንዚን ግን አትሸወዱ። ከምታስገባው ከፊሉ ሳይቃጠል በማርሚታው ስለሚወጣ፣ ሲሲዋ አነስ ስላለ ብቻ ትቆጥባለች ማለት አይደለም።

ትልቁ ልዩነት ዘይቱ ነው። የፎር ስትሮክ ዘይት ከሥር ተቀምጦ ይዞራል፤ በጊዜው መቀየር ነው። ቱ ስትሮክ ዘይቷን ከቤንዚኑ ጋር አቃጥላ ትጨርሳለች። የተለመደው ቅይጥ 50 ለ 1 ነው፤ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት። በሃይላንድ ክዳን እየገመቱ መጨመር አያዋጣም። ከፋርማሲ ባለ 20 ሲሪንጅ ግዙና በሱ ለኩ።

አሁን የሐረጎን ቁልቁለት አስቡት። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ነዳጅ መስጫውን ትለቁታላችሁ። ጎማው ሞተሩን እያሽከረከረው ነው፤ ቤንዚን ግን እምብዛም አይገባም። በቅይጥ በምትሠራ ስኩተር ቤንዚን ካልገባ ዘይትም የለም። እንዲህ ብዙ ከተወረደ ፒስተኑ ደርቆ ሲሊንደሩ ላይ ሊጣበቅ ይችላል። ስለዚህ በየመሃሉ ነዳጅ መስጫውን ጠምዘዝ አድርጉ፤ ሲሊንደሩ ይርሳል። የቱ ስትሮክ ሞተር ቁልቁለት ላይ ወደኋላ የመያዝ አቅሙም ደካማ ነው፤ ጫናው ሁሉ ፍሬን ላይ ያርፋል። የኋላውን ብቻ ይዞ የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ግሎ መያዝ ያቆምበታል። ሁለቱንም፣ ያዝ ለቀቅ እያደረጋችሁ።

ያገለገለች ቱ ስትሮክ የምትገዙ ከሆነ፣ ለብቻው የዘይት ጋን ያላትን ስታገኙ ዘይቱን ወደ ሞተር የሚልከው ፓምፕ ይሠራል ወይስ ተነቅሏል ብላችሁ ጠይቁ። ተነቅሎ ሳለ ንጹሕ ቤንዚን ብቻ ከቀዳችሁባት ሞተሯ ብዙም ሳትርቁ ይበላሻል። ቀዝቅዛ እያለች አስነሷት። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ሰማያዊ ጭስ ያለ ነው። ሞቃም ጭሱ ካልቀነሰ መካኒክ ሳያያት ብር አትቁጠሩ።