አራተኛ ፎቅ የምትወጣ ሳይክል፦ ከአሥር ወር በኋላ

ሳይክሏን የገዛኋት ጥቅምት 2017 ላይ ነው። ያገለገለች፣ ባለ 26 ኢንች ጎማ ማውንቴን፣ ከመርካቶ በ18,500 ብር። ማርሿ 21 ነው፤ ፊት 3፣ ኋላ 7። የፋብሪካዋን ስም አልጽፍም፤ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ጥቁር ቀለም ቀብቷት ስሟም አብሮ ጠፍቷል። ዛሬ ነሐሴ ነው፤ ስልኬ የቆጠረው 2,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ደርሷል።

ቤታችን ሲኤምሲ፣ መሥሪያ ቤቴ አራት ኪሎ፣ ሁለት ልጆች፣ ሠራተኛ ሚስት። «ለሳይክል ጊዜ ከየት አመጣህ?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ ያደረግኩት ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው፤ ከእንቅልፌ ሰረቅኩ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ተነስቼ ወደ እንጦጦ አቀናለሁ፣ ልጆቹ ሳይነሱ እመለሳለሁ፤ ሐሳቡ ይህ ነበር። የቆየው ሦስት ሳምንት ነው። በዚያ ሰዓት ከተማው የውሾች ነው። ጉርድ ሾላ አካባቢ አራት ሆነው ከኋላ ሲመጡብኝ ፔዳል መርገጥ እንደማያዋጣ ገባኝ፤ ወረድኩ፣ ሳይክሏን በመሐላችን አቆምኩ፣ ጎንበስ ብዬ ድንጋይ የማነሳ መሰልኩ። ድንጋይ እንኳ አልነበረም። የአዲስ አበባ ውሻ ግን ጎንበስ ማለትን ያውቃል፣ ተበተኑ። ከውሾቹ የባሰው ቤት ነበር። ላብ በላብ ሆኜ ስገባ ትንሹ እያለቀሰ፣ ትልቋ ያልተጎነጎነ ፀጉሯን ይዛ ቆማ አገኛለሁ። ባለቤቴ አንድ ቀን ካልሲ እያጠለቀችላቸው «አንተ ስፖርት ሠርተህ ታልባለህ፣ እኔ ሳልሠራ አልባለሁ» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ ነው ሒሳቡን የሠራነው። ከቤት እስከ መሥሪያ ቤት 11 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በታክሲ ሲቀና 50 ደቂቃ፣ መገናኛ ላይ ሰልፉ ከረዘመ ሰዓት ከሩብ። በሳይክል መጀመሪያ 55 ደቂቃ ፈጀብኝ፣ አሁን 42። ያተረፍኩት ደቂቃ ብዙ አይደለም፤ ስፖርቴ ግን ከቤት ሰዓት ወጥቶ የመንገድ ሰዓት ውስጥ ገባ። ማክሰኞና ሐሙስ የእኔ የሳይክል ቀን ሆነ፤ በሌሎቹ ቀናት ልጆቹን አለባብሼ ሰርቪስ ላይ የማሳፍረው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት ተራ በተራ ነው፦ አንድ ሳምንት እኔ እወጣለሁ፣ በቀጣዩ እሷ የፈለገችበት ትሄዳለች፣ እኔ ከልጆቹ ጋር ቤት እውላለሁ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ እድር፣ ዘመድ ጥየቃ ስላለ ሳይክል የሚባል ነገር አይነሳም።

አሁን ወደ ዕቃው ልግባ። ሻጮች የሚያወሩት ስለ ማርሽ ብዛት ነው። ቤተሰብ ያለው ሰው ግን ሳይክል ሲገዛ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቅ፦ ከቤት አውጥቼ መንገድ ላይ እስካውላት ስንት ደቂቃ ይፈጅብኛል? እኛ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነን፣ ሊፍት የለም። በመጀመሪያው ሳምንት ደረጃ ሥር ቆልፌ አሳደርኳት፤ በሦስተኛው ቀን ኮርቻዋ የለም። ከዚያ ወዲህ ትከሻዬ ላይ ነች። ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ ሰቅዬ አስመዘንኳት፣ 16 ኪሎ። ጠዋት ስትወርድ ቀላል ነች፤ ማታ ግን ከሥራ ደክሞኝ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ የምትመዝነው ሌላ ነው። ታች ያሉት እትዬ አንድ ምሽት በራቸውን ከፍተው አይተውኝ «ልጄ፣ እሷ ናት አንተን የምትሸከም ወይስ አንተ እሷን?» አሉ።

እዚህ ላይ ትልቁ ጸጸቴ የፊት ሾክ፣ ማለትም የመንገድ ንዝረት እንዲያበርድ ፊት ላይ ያለው ስፕሪንግ ነው። ስገዛት ጫን ስላት ዝቅ ከፍ ትል ስለነበር ደስ ብሎኝ ነበር። አስፋልት ላይ ምንም አይሠራም፤ ዳገት ላይ ቆሜ ስረግጥ ጉልበቴን ይበላል፤ ከመጋቢት ጀምሮ ደግሞ ዝጎ ደርቋል። ማለት በተሸከምኳት ቁጥር አራት ፎቅ የማወጣው የሞተ ብረት ነው። ዛሬ ብገዛ ሾክ የሌላትን እመርጣለሁ፣ ብታረጅም።

ጎማ ግን የቀየረኝ ነገር ነው። ይዛ የመጣችው የጭቃ ጎማ፣ ጥርሱ የሚጮኽ፣ አስፋልቱን የሚልስ ነበር። ጥር ላይ ለስላሳ ጎማ አስገባሁ፤ በዚያው ሳምንት ከ55 ወደ 47 ደቂቃ ወረድኩ፤ የቀረውን አምስት እግሬ ነው ያመጣው። ሌላም ማንም የማይነግራችሁ ነገር አለ፤ ስትገዙ የአየር መሙያዋን አፍ እዩ። እንደ መኪና ጎማ ወፈር ያለ ከሆነ የትም ሰፈር ያለ ጎሚስታ ይሞላላችኋል። ቀጭኑ የእሽቅድምድም ዓይነት ከሆነ መንፊያችሁን ይዛችሁ ዙሩ። ጎሚስታው የመኪና ያህል እንዳይነፋው ግን አጠገቡ ቁሙ፤ ስንት እንደምትይዝ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል።

ካቴናውን በማስመሪያ ነው የምለካው። ካቴና ሲያረጅ ይረዝማል። አዲስ ሲሆን ከአንዱ ፒን መሐል ጀምሮ 24 ቁርጥ (ከፒን እስከ ፒን አንድ ቁርጥ ነው) ሲቆጠር 30.5 ሴንቲ ሜትር ግድም ይሆናል፤ የእኔ ግንቦት ላይ 30.8 አለፈ። በጊዜ ካልተቀየረ የኋላ ማርሹን ጥርስ አብሮ ይበላል። ሰፈር ያለው ጠጋኝ «ገና ነው፣ ዘይት ቀባው» ብሎኝ ነበር። አልሰማሁትም። ፍሬኗም ቸርኬውን የሚይዝ ዓይነት ነው፤ በክረምት አሸዋና ጭቃ ሸራውን እንደ ሞረድ ይፈጨዋል። ከሰኔ ወዲህ ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ፣ በበጋው ግን አንድ ጊዜም አልቀየርኩም።

መንገዱ ላይ አስቸጋሪው ቀበና ነው። ከእንግሊዝ ኤምባሲ ቁልቁል ተንደርድረህ ድልድዩን ስታልፍ ወደ አራት ኪሎ ያለው ዳገት ይጠብቅሃል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርን ያለፈች ስለሆነች በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ካለ አገር በሩብ ያህል ያንሳል። ፊት ትንሿን ማርሽ የምጠቀምባት እዚያ ብቻ ነው፤ ለእሷ ስል ግን ሌሎቹን 20 ማርሾች ይቅር እላቸዋለሁ። በኮሪደር ልማቱ የተሠራው የሳይክል መስመር ባይኖር ባለቤቴ እሺ አትልም ነበር፤ እኔም አልደፍርም። እግረኛ ይገባበታል፣ ሞተር ይገባበታል፤ አንዳንዴ በቆሎ ጥብስም ይቀርብበታል። ቢሆንም ከሚኒባስ መሐል ይሻላል።

መሥሪያ ቤት ስደርስ ጥበቃው ከጄኔሬተሩ ጀርባ ቦታ ሰጥቶኛል። ሻወር የለም። ሰኞ በታክሲ ስሄድ ሁለት የተተኮሱ ሸሚዞችና ፎጣ ይዤ እገባና መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ሱሪ ተረስቶ በቁምጣ ስብሰባ የገባሁበት ሐሙስ ነበር፤ ዝርዝሩ ይቅር።

ክረምቱን በተመለከተ እውነቱን ልናገር። የአዲስ አበባ ዝናብ ብዙ ጊዜ ከሰዓት ስለሚመጣ ጠዋቱ ያታልላል፤ በደረቅ ሄጄ በጎርፍ እመለሳለሁ። ፓራፋንጎ ሳላስገጥም ሐምሌን ጀመርኩ፤ ከጎማው የሚረጨው ጭቃ ከወገቤ እስከ ማጅራቴ አንድ ወጥ መስመር ሠራ። አሁን በ900 ብር ፊትና ኋላ አስገጥሜያለሁ። እንዲያም ሆኖ በሐምሌ ከስምንት ወይም ዘጠኝ የሳይክል ቀኔ የወጣሁት በአራቱ ብቻ ነው።

ያልጠበቅኩት ጥቅም ከልጄ በኩል መጣ። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ሲኖር፣ ያ እሑድ ብቻ ከደንባችን ውጪ ነው፤ መንገዱ ለመኪና ሲዘጋ እሷ በትንሿ ሳይክሏ፣ እኔ በትልቋ እንወጣለን። ዘወር ብላ «አባዬ፣ መኪናዎቹ የት ሄዱ?» ትላለች። ቀደም ብዬ የኋላ የልጅ መቀመጫ ልገዛ ነበር፤ ትንሹ ለዚያ መጠኑ ነው። ግን 16 ኪሎ ላይ ሌላ አራት ኪሎ ጨምሬ ደረጃ መውጣት አልፈለግኩምና ተውኩት።

ቀጥሎ ያለብኝ ሥራ የፔዳሉ ኩሽኔታ ነው፤ ቀበና ላይ ቂጭ ቂጭ ማለት ጀምሯል፣ ከመስከረም በፊት መቀየር አለበት። የኮርቻውን ማጥበቂያ ደግሞ ያለ ቁልፍ በእጅ በምትለቀቅ ቀይሬዋለሁ፤ ምክንያቱም ባለቤቴ ሰኔ ላይ ማታ ማታ ግቢ ውስጥ መለማመድ ጀምራ ነበርና ረቡዕን የራሷ የሳይክል ቀን አድርጋ ወስዳለች። የኮርቻው ምሰሶ ላይ አሁን ሁለት ምልክት አለ፦ የእኔው ጥቁር ፕላስተር፣ ከሱ አራት ጣት ወደ ኮርቻው ቀረብ ብሎ የእሷ ቀይ የጥፍር ቀለም። ባለፈው ሐሙስ ሳላየው ወጥቼ እስከ ጉርድ ሾላ ጉልበቴ አገጬን እየነካ ሄጃለሁ።