የእናቴን እጅ ላየችልን የደብረ ብርሃን ፊዚዮቴራፒስት ምስጋና

ሌሊት እጁ እየደነዘዘ ከእንቅልፉ የሚነቃ ሰው ቤታችሁ ካለ ይህን አንብቡልኝ። ምስጋናም ነው፣ ጥቆማም ነው። የማመሰግናት ደብረ ብርሃን የምትሠራ አንዲት ፊዚዮቴራፒስት ናት። ስሟ ፌስቡክ ላይ እንዳይወጣ አደራ ብላለች፤ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።

እናቴ የመንዝ፣ የመሃል ሜዳ ሰው ናት። የቤቱ ሥራ ሲያልቅ እንዝርቷን ታነሳለች፤ ባና ለሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ የሚሆን የበግ ጸጉር ትፈትላለች። ቀኝ እጇ ሌሊት ሌሊት ያቃጥላት፣ ይነዝራት ጀመር። ተነስታ ስታራግፈው ቀለል ይላታል፤ ስትተኛ ይመለሳል። ቀን ደግሞ ሲኒ ከእጇ ያመልጣታል።

እኛ አገር ብርድ የማይከሰስበት በሽታ የለም። "ብርድ ነው የመታሽ" ያላላት ሰው አልነበረም። ቅቤ ተቀባች። ወጌሻ አሻት። አንድ ጎረቤታችን በአረቄ ይታሽ ብለው አዘዙ፤ የደብረ ብርሃን አረቄ ከጉሮሮ ውጪ ሲፈስ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከአንድ ክሊኒክ የህመም ማስታገሻ ተሰጥቷት ነበር። እጇን ይዞ ያየላት ግን አልነበረም።

ይህች ፊዚዮቴራፒስት ግን በጥያቄ ጀመረች።

"እናቴ፣ የትኛው ጣትዎ ነው የሚደነዝዘው?"

"ሁሉም ነው ልጄ።"

"ትንሿ ጣትዎም?"

እናቴ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው። "እሷስ ደህና ናት።"

ነገሩ የተገኘው እዚህ ላይ ነው። አውራ ጣት፣ ጠቋሚ ጣት፣ መሃል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሹ ስሜት የሚያገኙት ሚዲያን ከሚባለው ነርቭ ነው። ትንሿ ጣት የሌላ ነርቭ ናት። ብርድ ቢሆን ኖሮ ትንሿን መርጦ አይምራትም ነበር።

ሕመሙ ካርፓል ታነል ሲንድረም ይባላል። የእጅ አንጓ ላይ በአጥንትና በጠንካራ ማሰሪያ የታጠረ ጠባብ መተላለፊያ አለ። ጣት የሚያጥፉት 9 ጅማቶችና ይሄ ነርቭ አብረው የሚያልፉት በዚያ ነው። ለእናቴ በበግ አስረዳቻት፦ በጠባብ የጉረኖ በር ዘጠኝ በግ ሲጋፋ የሚጨነቀው መሃል የገባው ግልገል ነው። መንዝ ውስጥ ይህ የማይገባው ሰው የለም። ሌሊት የሚብሰው ደግሞ ተኝተን አንጓችን ስለሚታጠፍ ነው።

ከዚያ መረመረቻት። የሁለቱን እጆች ጀርባ አገጣጥማ አንጓዋን አጥፋ እንድትቆይ አደረገች። ደቂቃ ሳይሞላ ንዝረቱ መጣ። አንገቷንም አየች፤ እዚያ የተጨመቀ ነርቭም እጅ ሊያደነዝዝ ይችላልና። የአውራ ጣቷ ሥር ያለው ሥጋ መሟሸሽ አለመሟሸሹን ዳሰሰች። ስኳርና የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው እጢ) ችግር ከዚህ ሕመም ጋር ስለሚያያዙ የደም ምርመራ እንድታደርግ ላከቻት። ነፍሰ ጡሮች ላይም ይከሰታል፤ ብዙ ጊዜ ከወለዱ በኋላ ይለቃል አለችን።

ሕክምናው ሌሊት የሚታሰር የእጅ አንጓ መደገፊያ ነው። ከፋርማሲ ገዝተን ነበር የሄድነው። ውስጡ የብረት ዘንግ አለው። ብዙዎቹ አንጓን ወደ ኋላ ቀና አድርገው ይይዛሉ፤ ለዚህ ሕመም የሚፈለገው ግን ቀጥ ያለ ነው። ብረቱን መዘዘችው፣ ጠረጴዛው ላይ አቃናችው፣ መልሳ ከተተችው። ለዚህች ሥራ ብቻ ባመሰግናት ይበቃ ነበር። "6 ሳምንት ሳይሞላ አይሠራም ብለው እንዳይጥሉት" አለቻት።

ፈትል ተዪም አላለቻትም። እስክሪብቶ ሰጥታ እንዴት እንደምትፈትል አሳዪኝ አለቻት፤ በትህትና ነው እንግዲህ፣ "ያሳዩኝ" ብላ። አንጓዋ የቱ ጋ እንደሚታጠፍ አየች። ቀጥ አድርጎ መያዝን፣ መሃል መሃል ማረፍን አስተማረቻት። ሊጥ ስታቦካም እንደዚያው።

ካልተሻላትስ ብዬ ጠየቅኩ። አልሸፋፈነችም። አንጓው ላይ የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ አለ። ድንዛዜው አልለቅ ካለ ወይም የአውራ ጣቱ ጡንቻ ከከሳ ደግሞ አንጓው ውስጥ መተላለፊያውን ያጠረው ያ ጠንካራ ማሰሪያ በቀዶ ጥገና ይከፈታል፤ ቆይቶ መድረስ ነርቩን ይጎዳዋል። አጭር ሥራ ነው፣ እጁ ብቻ ነው የሚደነዝዘው ስትላት እናቴ ምን ብትል ጥሩ ነው? "ደንዝዞ የመጣውን እጅ ደግመሽ ልታደነዝዢው?" ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

እስካሁን እዚያ አልደረስንም። እናቴ ሌሊቱን ትተኛለች። ፈትል ስታበዛ ትንሽ ይነዝራታል፣ መደገፊያዋን ታስራለች፣ ይለቃታል።

አንድ ነገር ልጨምር። እጅ በድንገት ከዛለ፣ አፍ ከተጣመመ ወይም ንግግር ከተሳሰረ ይሄ ሌላ ነው፤ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ፊዚዮቴራፒ ሳትሉ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ወደ ልጅቷ የምትሄዱ በጠዋት ድረሱ፣ ወረፋ አለ። የገዛችሁት መደገፊያ ካለ ይዛችሁ ሂዱ፤ የሚቃና ከሆነ አቃንታ ትሰጣችኋለች እንጂ አዲስ አታስገዛችሁም።