እርሟ ያልወጣላት ልጅ፦ «የብርሃን ትዝታ» ከስምንት ወር በኋላ

«የጊዜ መንኮራኩር» የተባለው ተከታታይ የምናብ ልብ ወለድ አሥራ አራተኛና የመጨረሻ ቅጽ፣ «የብርሃን ትዝታ»፣ እጄ የገባው ባለፈው ነሐሴ፣ እህቴ ከዱባይ ስትመለስ ነው። ይህን የምጽፈው ከስምንት ወር በኋላ፣ መጽሐፉን ሁለት ጊዜ ዳር እስከ ዳር ካነበብኩት በኋላ ነው። ፍጻሜውን ሳልሸፋፍን ስለምናገር፣ ገና ያላነበበ ሰው ከዚህ ላይ ቢመለስ ይሻለዋል።

በቅድሚያ ስለ ዕቃው። ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ከ900 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ ነው፤ ተኝቶ ለማንበብ አይመችም፣ ክንድ ያዝላል። የደሴን ነሐሴ ደግሞ አልቻለውም። ጠዋት ጦሳ በጉም ተሸፍኖ በማይታይበት ወቅት ሣጥን ውስጥ ያለ ልብስ እንኳ ይረጥባል፤ የገጾቹ ጠርዝ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እንደ ማዕበል ተጣመመ። ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ አጎቴ ቤት የሰነበትኩ ጊዜ ሙቀቱ አድርቆ መለሰልኝ። ጀርባው የተሰነጠቀው 37ኛው ምዕራፍ ላይ ነው፤ የምዕራፉ ርዕስ «የመጨረሻው ጦርነት» ሲሆን ብቻውን ወደ 200 ገጽ ይጠጋል። ሙጫ ቀብቼ በብረት ምጣድ ተጭኜው አደርኩ፤ እስካሁን ይዟል።

ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ፦ አሜሪካዊው ሮበርት ጆርዳን የመጀመሪያውን ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1990 አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራውን ሳይጨርስ አረፈ። አርታኢውም ሚስቱም የነበረችው ሃሪየት ማክዱጋል፣ ብራንደን ሳንደርሰን የተባለውን ወጣት ደራሲ መርጣ ማስታወሻዎቹን አስረከበችው። አንድ ይሆናል የተባለው የመጨረሻ መጽሐፍ ሦስት ሆኖ ወጣ፤ መዝጊያውም እ.ኤ.አ. በ2013 ታተመ።

የመጀመሪያውን ንባብ በአሥራ አንድ ቀን ጨረስኩት። 37ኛውን ምዕራፍ ያነበብኩት በአምስት ሌሊት ሲሆን፣ አንዱን ሌሊት መብራት ጠፍቶ በሻማ ነበር። ላን የተባለው ተዋጊ ብቻውን ወደ ጠላት አዛዡ ሲጋልብ ከአልጋዬ ተነሥቼ ቆሜ እንዳነበብኩ አስታውሳለሁ። ሰልፉ፣ ማጥቂያው፣ ማፈግፈጊያው በደንብ የታሰበበት ነው። ይሁን እንጂ ጆርዳን ቬትናም የዘመተ ወታደር ነበር፤ በእሱ ገጾች ላይ ከጦርነቱ ይልቅ ከጦርነቱ በኋላ ያለው ዝምታ ይከብድ ነበር። እዚህ ግን አንዱ ሲወድቅ ዓይናችን ወዲያው ወደ ሌላው ግንባር ይወሰዳል። ከዋና ገጸ ባሕርያቱ አንዱ የሆነው የማትም ነገር አለ፤ ሳንደርሰን በተረከበበት በ12ኛው ቅጽ ላይ ማት ቀልድ የሚያበዛ ሌላ ሰው ሆኖብኝ ነበር፤ በመጨረሻው ቅጽ ተሻሽሏል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አልተመለሰም።

ዋናው ቅሬታዬ ኤግዌን ናት። የመንደር ልጅ ሆና ከቤቷ ወጥታ፣ ተማርካ፣ በአንገቷ ማሰሪያ ገብቶ፣ በመጨረሻ የሴቶቹ ጠቢባን ሁሉ አለቃ የሆነች ልጅ ናት። እዚያው ጦርነት ላይ ጠላቷን ይዛ ትሞታለች። አሟሟቷ ያማረ ነው፤ እሱን አልነቅፍም። ግን ከዚያ በኋላስ? የመንደሯ ሰዎች ተሰብስበው ሲያለቅሱላት አናይም። እናትና አባቷ መርዶ ሲሰሙ አናይም።

ይህን ያስተዋልኩት በራሴ አይደለም። ማታ ማታ ቡና ሲፈላ ያነበብኩትን ለእናቴ እተርክላት ነበር። የኤግዌንን ሞት የነገርኳት ቶናው ሲቀዳ ነበር። ረከቦቱን ገፋ አድርጋ፦ «እርሟን ማን አወጣላት ታዲያ?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ገጹን ወደፊት ገለጥኩ፣ ወደፊት ገለጥኩ፤ የለም።

ምናልባት ሌላ አገር ያለ አንባቢ ይህን ጉድለት አይለውም ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ከተማውን ለቀን ወጥተን ነበር። ስንመለስ ሰፈራችን ከምንም አስቀድሞ ያደረገው ለቅሶ መድረስ ነው። ሰው በሌለበት የተቀበረ ነበር፤ ከተቀበረ ሳምንታት አልፈውታል፣ ቢሆንም እድሩ ድንኳኑን ተከለ፣ አግዳሚ ወንበሩን አወጣ፣ ሴቶቹ ንፍሮ ቀቀሉ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ሰሌን ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ነው ሱቅ የተጠረገው። ስለዚህ አንድ ዓለም ከጥፋት ተርፎ ማንም ለሟቹ ሳይቀመጥ መጽሐፉ ሲዘጋብኝ፣ አንድ ነገር እንደ ተሰረቅኩ ሆኖ ይሰማኛል።

ለቅሶ የሚመስል ነገር የምናየው ለዋናው ጀግና ለራንድ ብቻ ነው። እሱ ግን አልሞተም። በሌላ ሰው ገላ ነቅቶ በሰላም ፈረሱ ላይ ይወጣል፤ አሳዳጊ አባቱ ታም ደግሞ ልጁ የሞተ መስሎት የአስከሬን ማቃጠያውን የእንጨት ክምር በእሳት ይለኩሳል። ለዚያ ሽማግሌ አንድ ሰው ጠጋ ብሎ በጆሮው ቢነግረው ምን ነበረበት? ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስድስት ወር ሙሉ ለዚህ ሁሉ ጥፋተኛው ሳንደርሰን ነው ብዬ ይዤ ነበር። ተሳስቻለሁ። የመዝጊያውን ትዕይንት ጆርዳን ራሱ ከመሞቱ በፊት ጽፎት እንደነበር የተረዳሁት ሁለተኛውን ንባብ ከጀመርኩ በኋላ ነው። የምወደው የመጨረሻ ክፍልም እዚያው አለ፦ ራንድ ኃይሉን ሁሉ አጥቶ፣ ፒፓውን እንዲበራ ያስባል፣ ይበራል፤ ለምን እንደበራ ማንም አይነግረንም። ያንን ገጽ የጻፈው ሰው መጽሐፉ ሲታተም ለማየት አልደረሰም። አሁን ሳነበው፣ ስሙን ጥሎ ማንም ሳያውቀው ለብቻው ወደ ፈለገበት የሚጋልበውን ሰው ከጆርዳን ለይቼ ማየት ያቅተኛል። በዚያ ሰው ላይ «ለቅሶውን አሳጠርከው» ብዬ ልቆጣ አልቻልኩም። ሳንደርሰንም የሰው አደራ ተሸክሞ ሦስት ወፋፍራም መጻሕፍት ጽፎ ቤት ያደረሰ ሰው ነውና ምስጋናዬን አልነፍገውም። ኤግዌን ግን አሁንም አልተለቀሰላትም።

ለመግዛት ለሚያስብ፦ ከፊት ያሉትን አሥራ ሦስቱን ሳያነቡ ይህን መያዝ ትርጉም የለውም። ደሴ ለሚኖር ደግሞ፣ ክረምት ላይ ከግድግዳ አርቆ ማስቀመጥ ነው።

እኔ ሦስተኛውን ዙር ከመጀመሪያው ቅጽ ጀምሬያለሁ፤ ለእናቴም እንደገና እየተረክሁላት ነው። ባለፈው እሑድ ልጆቹ በሌሊት ከመንደራቸው የሚሸሹበት ቦታ ደረስን። ኤግዌን ቤላ የተባለችው ባልቴት ባዝራ ላይ ተቀምጣ ትወጣለች፤ ባዝራይቱም በአሥራ አራተኛው ቅጽ ትሞታለች።

«ይቺ ናት እንዴ ያቺ ልጅ?» አለች እናቴ።

«አዎ፣ እማዬ።»

ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሳብ አድርጋ ሲኒውን አስቀመጠች። «በል እንግዲህ፣ አትቸኩል፤ ቀስ እያልክ ንገረኝ።»