«አይቼና ወድጄ ገዝቻለሁ» ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት

ያገለገለ መኪና ለመግዛት ገንዘብ ያሰባሰባችሁ ሁሉ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ይህን እንድታነቡ እጠይቃለሁ። ዕድሜዋ 20 ዓመት ያለፈ አነስተኛ የቤት መኪና አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ መሸጫ ግቢ ገዝቼ፣ በ19ኛው ቀን ከደብረ ብርሃን ስመለስ ሸኖን እንዳለፍኩ ከኮፈኗ ሥር እንፋሎት እየተትጎለጎለ ቆመችብኝ። ጋራዥ ተጎትታ ስትፈተሽ የቴስታዋ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ውሃና ዘይት እንዳይገናኙ የሚለየው ማሸጊያ፣ ተቃጥሎ ውሃና ዘይት ተቀላቅሏል። መካኒኩ የዘይቱን ክዳን ገልብጦ ሲያሳየኝ፣ ከሥሩ የተለጠፈው ነገር ወተት የበዛበት ማኪያቶ ይመስል ነበር።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ከጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ፣ አገር ውስጥ ያለ አሮጌ መኪና ተፈላጊ ሆኗል። ደላላውም «ሌላ ገዢ ቀብድ ይዞ እየመጣ ነው» ሲለኝ ያመንኩት ለዚሁ ነው። መኪናዋን ለማየት ስሄድ ሞተሯ ታጥቦ ያብለጨልጭ፣ ቀድሞም ተነሥቶ ሞቆ ይጠብቀኝ ነበር። በጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ የሚሰማው ድምፅና ከማርሚታው የሚወጣው ጭስ ብዙ ሚስጥር እንደሚያወጣ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ዓመታዊ ምርመራ አልፋ ቦሎ መለጠፏም አዘናግቶኛል፤ ቦሎ ስለ ሞተሩ ውስጥ የሚመሰክረው ነገር የለም።

ዋናው ጥፋቴ ግን ከዚህ በኋላ ነው። በስድስተኛው ቀን የሙቀት መጠቆሚያው ከፍ ሲል፣ የራዲያተሩም ውሃ ሲጎድል አይቼ ለግቢው ሰው ደወልኩ። «ወንድሜ፣ ራዲያተሩን አሳጥበው፣ ምንም የለባትም» አለኝ። አሳጠብኩ። ደግሜ ስደውል «ቴርሞስታቱን (የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠረውን ዕቃ) ቀይር» ተባልኩ። በዚህ መሀል ቀናት ነጎዱ፤ በእጄም የስልክ ወሬ እንጂ አንዲት ቁራጭ ወረቀት አልነበረኝም። ሞተሩ ከተፈታ በኋላ አቤት ስል ደግሞ መልሱ «የራስህ መካኒክ ነው ያበላሸው» የሚል ሆነ፤ ከመፈታቱ በፊት የነበረውን ሁኔታ ያየ ገለልተኛ ባለሙያ ስላልነበረ የምመልሰው አጣሁ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የገዛው ዕቃ ጉድለት ያለበት ሸማች፣ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ነጋዴውን የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። እኔ ቀኑን በስልክ ጨርሼዋለሁ። ይባስ ብሎም ውሉን አውጥቼ ሳነበው ሻጭ ተብሎ የተጻፈው ግቢው ሳይሆን በውክልና የተሸጠበት፣ ፊቱን አይቼው የማላውቅ ግለሰብ ነበር። እንዲህ ሲሆን «እኛ አገናኘን እንጂ አልሸጥንም» ማለት ቀላል ስለሆነ፣ ገንዘቡን የሚቀበለውና በውሉ ላይ ሻጭ ተብሎ የሚፈርመው አንድ ሰው መሆኑን ሳታረጋግጡ አትክፈሉ።

ከግለሰብ የገዛም ቢሆን ያለ ሕግ አልቀረም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት መሆኑን ለገዢው ዋስ እንዲሆን ያስገድደዋል። ነገር ግን ገዢው ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። በየውሉ የሚገባው «መኪናውን አይቼና ወድጄ ባለበት ሁኔታ ገዝቻለሁ» የሚለው ሐረግ የሚጎዳንም እዚህ ላይ ነው፤ ሻጩ «መርምረህ ተቀብለሃል» ብሎ ይከራከርበታል። ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ከደበቀ እንዲህ ያለው ሐረግ አያድነውም፤ ይሁን እንጂ ማወቁን የማስረዳቱ ሸክም የሚወድቀው በገዢው ላይ ስለሆነ፣ እንደ እኔ ያለማስረጃ ለቀረ ሰው መንገዱ ረጅም ነው። በሌላ ሰው ስም የባለቤትነት ጥያቄ ቢነሣ ሻጭ እንደሚከራከር የሚገልጽ አንቀጽ በውሌ ውስጥ ነበረ፤ ስለ ሞተሩ ግን አንድም ቃል አልነበረም።

ስለዚህ በራሳችሁ መካኒክ፣ ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ሳይነሣ ባደረበት ጠዋት፣ ኮምፕሬሽኑን (በሲሊንደሮቹ ውስጥ ያለውን ግፊት) ሳይቀር አስለኩ። ከገዛችሁ በኋላ የሙቀት መጠቆሚያው ከተለመደው ካለፈ አትንዱት፤ ቴስታው የሚጣመመው «እስከ ቤት ትድረስልኝ» ሲባል ነው። ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት ለሻጩ በጽሑፍ አስታውቁ፣ የደረሰበትንም ማስረጃ ያዙ፤ ሲፈታም ሻጩ ወይም ወኪሉ እንዲገኝ ጠርታችሁ በፎቶ አስቀሩ።

ባለፈው ወር የአክስቴ ልጅ መኪና ሲገዛ አብሬው ሄጄ፣ «ሞተሩ ውሃና ዘይት የማያቀላቅል፣ ከልክ በላይ የማይሞቅ መሆኑን ሻጭ አረጋግጫለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር በውሉ እንዲገባ ጠየቅን። ሻጩ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «እንዲህ ያለ ነገር አልፈርምም» ብሎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። እኛም ቀብዳችንን ይዘን ወጣን።